የጋዝ ዲቴክተር ወደ ሙከራ ከመግባቱ በፊት እንዴት ይፈተናል?

በጋዝ የተሞላ የቅንጣት ዲቴክተር ሐሳቡ ቀላል ነው። ኃይል ያለው ቅንጣት በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ከአተሞቹ ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ ይሄዳል። ኤሌክትሮኖቹ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ቀጭን ሽቦ ይሳባሉ። ሽቦው አጠገብ ሲደርሱ ጉልበት ያገኙና ሌሎችን ይነቅላሉ፤ አንዱ አስር ሺህ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሮኒክስ የሚነበበው ይህ ብዛት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 ራዘርፎርድና ጋይገር የአልፋ ቅንጣቶችን (የሂሊየም አተም እምብርቶችን) አንድ በአንድ የቆጠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በ1968 ዦርዥ ሻርፓክ በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ብዙ ሽቦዎችን ጎን ለጎን የዘረጋ ቻምበር ሠራ፤ ለዚህም በ1992 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። በ1990ዎቹ ደግሞ እዚያው ሰርን ውስጥ ፋቢዮ ሳውሊ ጌም የሚባለውን ፎይል አመጣ። 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ውፍረት ያለው፣ በሁለቱም በኩል መዳብ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ 70 ማይክሮን ገደማ ስፋት ያላቸው እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ኤሌክትሮን የሚባዛው እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

ዲቴክተሩ ጨረር መስመር (ቅንጣቶች የሚሮጡበት ቱቦ) ላይ ከተገጠመ በኋላ ፈቶ መጠገን ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ችግሩ ካለ ጠረጴዛ ላይ እያለ መገኘት አለበት። ብዙ ሰው ችግሩን መጀመሪያ የሚፈልገው ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ወይም አቧራ ነው።

ሲገጣጠም በንጹህ ክፍል ውስጥ፣ በጓንት ይሠራል። ሽቦ ያለው ከሆነ ውጥረቱ ይለካል። ሽቦው በወርቅ የተለበጠ ተንግስተን ሆኖ ውፍረቱ 20 ማይክሮን ያህል ሊሆን ይችላል። ማግኔት አጠገብ አድርገው ተለዋዋጭ ከረንት ይልኩበታል። እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ክር በራሱ ድግግሞሽ ይርገበገባል፤ ከድግግሞሹ ውጥረቱ ይሰላል። የላላ ሽቦ ቮልቴጅ ሲጫንበት ወደ ጎን ይሳባል፣ ከዚያ ብልጭታ ይመጣል።

ቀጥሎ ጋዝ ያፈሳል ወይ የሚለው ይታያል። ትንሽ ግፊት ሰጥተው ዘግተው ይተዉታል፤ ግፊቱ ከወረደ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የከባቢ አየር ግፊትና ሙቀትም አብረው ይመዘገባሉ፣ አለዚያ ውጤቱ ያታልላል። ቀዳዳው ክፋቱ ጋዝ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅን ያስገባል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይይዛል። ኤሌክትሮኖች ረጅም ርቀት በሚጓዙበት ቻምበር ውስጥ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ኦክስጅን እንኳ ምልክቱን ያደክመዋል።

ከዚያ ቮልቴጅ ይመጣል፤ እዚህ መቸኮል ነውር ነው። በትንሽ በትንሹ ይጨመራል፣ ከረንቱ ይታያል፣ ይጠበቃል። አንድ የጌም ፎይል በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ 500 ቮልት ገደማ ተጭኖበት የሚያልፍበት ከረንት ከጥቂት ናኖአምፔር መብለጥ የለበትም። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቀዳዳ ውስጥ ከተቀመጠች ከረንቱ ይዘላል። አንዳንዴ ብልጭታው ራሱ ያቃጥላትና ነገሩ ይረጋጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ፎይሉን ይዞ ይሄዳል።

የፈተናው ልብ ግን አይረን-55 የሚባል ደካማ የጨረር ምንጭ ነው። 5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኤክስሬይ ያወጣል። አርጎን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል በአማካይ 26 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፣ እያንዳንዱ ኤክስሬይ ከ220 በላይ ኤሌክትሮን ይሰጣል። መነሻው ታወቀ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተነበበውን በዚህ ማካፈል ዲቴክተሩ ስንት እጥፍ እንዳባዛ ይናገራል። ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ ይወጣል፤ ከሱ በስተግራ፣ 3 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ ትንሽ ወንድም አለው። ትንሹ የሚመጣው የአርጎን የራሱ ኤክስሬይ ሳይያዝ ሲያመልጥ ነው። ሁለቱ በግልጽ ተለያይተው ከታዩ ዲቴክተሩ ጤነኛ ነው። ተደበላልቀው ካበጡ ወደ ጋዙ መመለስ ነው።

ምንጩን ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ብዜቱ በየማዕዘኑ እኩል መሆኑን ያያሉ። የአየር ግፊት በ1 በመቶ ሲወርድ ብዜቱ በበርካታ በመቶ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የጠዋቱን ልኬት ከማታው ጋር ያለ እርማት ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ኮስሚክ ጨረር ደግሞ በነጻ ይመጣል። በባሕር ወለል ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ አንድ ሚዩዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት) ያህል ያልፋል። ከላይና ከታች ሲንቲሌተር፣ ማለት ቅንጣት ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ ቁስ፣ ይደረጋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመቱ መሃል ያለው ዲቴክተር ማየት ነበረበት። ያየበትን ካላየበት ቆጥሮ ብቃቱን ማወቅ ይቻላል። ቮልቴጁ ሲጨመር ብቃቱ አድጎ አንድ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። የሥራ ቮልቴጅ የሚመረጠው እዚያ ላይ ነው።

የኑክሌር ፊዚክስ የራሱ ፈተና አለው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ከባድ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አተም) ወደ ዲቴክተሩ መግቢያው ላይ ወፍራም መስኮት ካገኘ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ መስኮቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሆነ ማይላር የሚባል ስስ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ጋዙም ከከባቢ አየር በጣም ባነሰ ግፊት ይሞላል። መስኮቱ ቢቀደድ ጋዙ ወደ ጨረር መስመሩ ቫኪዩም ይገባል። ስለዚህ ከሥራው በላይ በሆነ ግፊት ቀድሞ ይፈተናል። ሌላው ጣጣ በትንሹና በትልቁ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በአንድ ሙከራ ትንሽ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቶንም፣ ትልቅ ምልክት የሚሰጥ የፊሽን (የከባድ አተም እምብርት መሰንጠቅ) ስብርባሪም ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪሲየም-241 አልፋ፣ 5.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ለዚህ ልኬት ጥሩ መነሻ ነው።

የመጨረሻውና አሰልቺው የዕድሜ ፈተና ነው። ጋዝ ውስጥ ያለ ቆሻሻ፣ በተለይ ሲሊኮን፣ ሽቦው ላይ እየተጋገረ ብዜቱን ያወርደዋል። በኃይለኛ ኤክስሬይ የዓመታትን ጨረር በሳምንታት ያስጠጡታል። ሰርን ውስጥ ለዚህ ሥራ ሲጀምር ወደ 14 ቴራቤክረል (በሴኮንድ 14 ትሪሊዮን የአተም መበስበስ) የነበረ የሲዚየም-137 ምንጭ አለ። ግን ጥድፊያው ራሱ ያሳስታል፤ በፍጥነት የተደበደበ ዲቴክተር ቀስ ብሎ ከሚያረጀው ያነሰ ጉዳት ሊያሳይ ይችላል። ለዚህም ነው ማጣበቂያው፣ ቱቦውና ማሸጊያ ጎማው ሳይቀሩ ምን ዓይነት ትነት እንደሚያወጡ ከግንባታው በፊት ለየብቻቸው የሚፈተኑት።