አድቫንስ ምንድን ነው? ቀብድም አይደለም፣ ዕዳም አይደለም

ሰሞኑን ስለ አስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲያን ሕይወት የሚያወራ አንድ ቪዲዮ አራት ሰው ላከልኝ። ተራኪው ስለ ስቴፈን ኪንግ ሲናገር «ለመጀመሪያ መጽሐፉ 400 ሺህ ዶላር ቀብድ ተቀበለ፤ ባይሸጥለት ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ይኖር ነበር» ይላል። ይህንኑ ነገር ከስንት ሰው አፍ ሰማሁት! ሥራዬ የደራሲያንን የሮያሊቲ ሂሳብ መመርመር ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ብሩ አድቫንስ አልነበረም። ሙሉው ለኪንግ አልደረሰም። አድቫንስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መጽሐፉ ስላልተሸጠ ብቻ መልስ የሚለው አይኖርም ነበር።

ደራሲ ከእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ ድርሻ አለው፤ ሮያሊቲ የሚባለው እሱ ነው። ይኸው ድርሻ መጽሐፉ ገበያ ሳይወጣ አስቀድሞ ሲከፈል አድቫንስ ይባላል። ሌላ ገንዘብ አይደለም። ያው የራሱ ነው፣ ቀድሞ መጣ እንጂ።

እቁብ የጣለ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለትን ሰው አስቡት። ብሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ጎረቤት «እገሌ ብር አገኘ» ይላል። ግን ያገኘው ገና የሚጥለውን ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይጥላል እንጂ አይቀበልም። ደራሲውም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ሲሸጥ የሱ ድርሻ አድቫንሱን እየሞላ ይሄዳል፤ እስኪሞላ ድረስ ተጨማሪ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። አድቫንሱ 25 ሺህ ዶላር ነው፣ መጽሐፉ 16 ዶላር ይሸጣል፣ ድርሻው 7.5 በመቶ ነው እንበል። ከአንድ ቅጂ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው። ስለዚህ 20,800 ገደማ ቅጂ መሸጥ አለበት። ያኔ ነው መጽሐፉ አድቫንሱን አወጣ የምንለው።

እቁቡና መጽሐፉ የሚለያዩት ዋስ ላይ ነው። እቁብ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ብሩን ይዞ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። እዚህ ግን ዋስ የለም። መጽሐፉ መጋዘን ውስጥ አቧራ ቢጠጣ የጎደለውን ከኪሱ የሚሞላው ዳኛው ራሱ፣ ማለትም አሳታሚው ነው። ከእያንዳንዱ ቅጂ ከደራሲው የበለጠ ድርሻ የሚወስደው አንዱም ለዚህ ነው፤ ኪሳራውን እኔ እሸከማለሁ ብሎ ገብቷልና። አድቫንሱን ያላወጣ መጽሐፍ ሁሉ አሳታሚውን አከሰረ ማለትም አይደለም። የአሳታሚው ድርሻ ስለሚበልጥ ደራሲው ገና አድቫንሱን ሳይሞላ አሳታሚው ትርፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። «መጽሐፉ አድቫንሱን ስላልመለሰ ደራሲው ወደቀ» እያላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ።

ቀብድ የሚለው ትርጉም የሚያናድደኝም በዚሁ ምክንያት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። አንባቢ ቀብድ ሲባል የቤት ሽያጭ ነው ትዝ የሚለው፣ ወዲያው «እጥፍ ሊከፍል ነው» ብሎ ይደነግጣል። መሥሪያ ቤት አድቫንስ ወሰድኩ የምንለውም አይደለም፤ የደመወዝ አድቫንስ ሥራ ብትለቅ ይፈለግብሃል። የደራሲ አድቫንስ የሚመለሰው በአብዛኛው ረቂቁን ካላስረከበ ወይም አሳታሚው ያስረከበውን አልቀበልም ካለ ነው። «ተቀባይነት ያለው ረቂቅ» የምትለዋን ሐረግ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ወደ ኪንግ ልመለስ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1973 ሜይን ግዛት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፣ ደመወዙ በዓመት 6,400 ዶላር። ከሚስቱ ከታቢታና ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል። ወጪ ለመቀነስ ስልካቸውን አስነስተው ስለነበር፣ ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያ መጽሐፉን «ካሪ»ን እንደተቀበለው አርታዒው ያሳወቀው በቴሌግራም ነው። አድቫንሱ 2,500 ዶላር ነበር። አድቫንሱ ይኼ ነው! 400 ሺሁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብልዴይ መጽሐፉን በስስ ልባስ የማሳተም መብት ለሌላ አሳታሚ ለኒው አሜሪካን ላይብረሪ ሸጠ፤ 400 ሺሁ የዚያ ሽያጭ ዋጋ ነው። ውሉ ግማሽ በግማሽ ስለሚል ለኪንግ የደረሰው 200 ሺህ ነው።

ወሬው የደረሰው በእናቶች ቀን፣ እሁድ ነው። ያኔ ስልክ አስገብተዋል፣ እሱ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። መጀመሪያ 40 ሺህ መስሎት ደግሞ ጠየቀ። ሲረዳው ጉልበቱ ከዳውና በሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ለሚስቱ አንድ ነገር ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ያገኘው ክፍት መድኃኒት ቤት ብቻ ስለነበር ፀጉር ማድረቂያ ገዝቶላት ተመለሰ። ታሪኩን ስወደው! ግን ያንን እሁድ የፈጠረው አድቫንስ አይደለም። ውሉ ውስጥ ያለች ስለ መብት ሽያጭ የምታወራ አንቀጽ ናት።

ኪንግ ራሱ ይህን በደንብ ያውቃል። በ1997 ስክሪብነር ከተባለ አሳታሚ ጋር ሲዋዋል ለአንድ መጽሐፍ 2 ሚሊዮን ዶላር አድቫንስ ተቀበለ፤ ለሱ ዓይነት ደራሲ ትንሽ ነው። በምትኩ የትርፉን ግማሽ ያህል ወሰደ። የመጀመሪያውን ዕጣ ትቶ የእቁቡ ባለድርሻ ሆነ እንበል።

ሌሎቹን ደግሞ እዩ። አሜሪካዊቷ የፋንታሲ ደራሲ ኤን ኬ ጄሚሲን በ2020 ደራሲያን አድቫንሳቸውን ይፋ ሲያወጡ የሷንም ተናገረች። በ2016፣ 2017 እና 2018 በተከታታይ የሁጎን ሽልማት (ለሳይንሳዊ ልብ ወለድና ለፋንታሲ የሚሰጠውን) ላሸነፉላት ሦስት መጻሕፍት ለእያንዳንዱ 25 ሺህ ዶላር ነበር የተከፈላት። በተለመደው አሠራር መጽሐፉን ለአሳታሚ የሚሸጥለት ወኪል 15 በመቶ ይወስዳል፣ ቀሪው በሁለት በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ግብርም አለበት። የአስፈሪ ታሪክ ደራሲው ኤች ፒ ላቭክራፍት ደግሞ ይህም አልነበረውም። አንድ ረጅም ሥራው በ1935 በ350 ዶላር ለመጽሔት ተሸጦለት ከወኪል ክፍያ በኋላ 315 ደረሰው። ይህ አድቫንስ አይደለም፣ የአንድ ጊዜ ሽያጭ ነው፤ ከኋላው የሚመጣ ድርሻ የለም። በ1937 በድህነት ሞተ።

ካልጠየቃችሁኝም አንድ ነገር ልጨምር፣ ፋንታሲና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፉ ብዙ ጊዜ ሦስት መጻሕፍትን ባንዴ ስለሚፈርሙ። ሦስቱ በአንድ ሂሳብ ይያዛሉ የሚል ውል አለ። ያኔ የመጀመሪያው ጥሩ ቢሸጥም የሁለተኛውና የሦስተኛው አድቫንስ እስኪሞላ ድርሻ አይለቀቅም። ለየብቻ ይያዙ በሉ። ሌላው፣ አሜሪካ ውስጥ መጻሕፍት መደብር ያልሸጠውን ለአሳታሚው ስለሚመልስ፣ አሳታሚው ለዚያ ብሎ ከድርሻችሁ ጥቂት ይዞ ያቆያል። ሌብነት አይደለም፤ ግን መቼ እንደሚለቀው ጠይቁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በእንግሊዝኛ አስፈሪ ታሪክ ነው የምትጽፈው። አሳታሚዋ የላከላት ወረቀት የመጨረሻ መስመር ላይ ቁጥር አለ፣ በቅንፍ ውስጥ፦ 3,140። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ?» አለችኝ። ለካ ለመክፈል ብላ በየወሩ 200 ዶላር ማስቀመጥ ጀምራለች። ቅንፉ ከአድቫንሱ ገና ያልሞላው ስንት እንደሆነ ነው የሚያሳየው፣ ማንም አይጠይቅሽም አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት። ስትረጋጋ ውሉን አምጪው አልኳት፤ የፊልሙና የትርጉሙ መብት በማን እጅ እንደቀረ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርን።