ቦታና ጠባይ በሼክስፒር ተውኔቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቦታው የመድረክ ጌጥ ነው፤ ደራሲው በየትዕይንቱ አናት ጽፎታል»

በብዙ የ«ንጉሥ ሊር» እትሞች፣ ሽማግሌው ንጉሥ በማዕበል ውስጥ የሚጮህበት ትዕይንት አናት ላይ «ገላጣ ሜዳ» የሚል ማስታወሻ አለ። የሼክስፒር ቃል ግን አይደለም፤ እሱ በ1616 ከሞተ በኋላ፣ በ1709 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ሮው የተባለ አርታኢ የጨመረው ነው። በ1599 የተሠራው ግሎብ ቲያትር በቀን ብርሃን ነበር የሚያሳየው፤ ሜዳና ጫካ የተሳለበት መጋረጃም አልነበረውም። ስለዚህ አገሩን የሚሠራው የተዋናዩ አፍ ነው። ከንጉሡ መኳንንት አንዱ ግሎስተር በዚህ አካባቢ ቁጥቋጦ እንኳ የለም ሲል፣ ንጉሡ መጠጊያ ማጣቱ ይታየናል።

ያው ግሎስተር ዓይኑን ካጣ በኋላ ራሱን ሊገድል ወደ ዶቨር ገደል ምሩኝ ይላል። ማንነቱን የደበቀው ልጁ ኤድጋር ደልዳላ መሬት ላይ ያቆመውና ገደሉን በቃል ይስልለታል፦ ታች ያሉት ዓሣ አጥማጆች አይጥ ያክላሉ፣ ቁራዎቹ ጢንዚዛ። አባት ይዘላል፤ እዚያው ይወድቃል። ሲነሣ ከእንግዲህ መከራዬን እችላለሁ ይላል። የሌለ ገደል ሰው ለወጠ።

«አርደን ጫካ የገባ ሁሉ ይፈወሳል»

«እንደወደዳችሁት» በተሰኘው ተውኔት፣ ከቤተ መንግሥት ተባርራ ወደዚህ ጫካ ለሸሸችው ለሮዛሊንድስ በጅቷታል። እረኛው ኮሪን ግን የሚጠብቀው የሰው በግ ነው፤ ጌታው ንፉግ፣ ጎጆውም ለሽያጭ የቀረበ። ከተሰደዱት ባላባቶች አንዱ ዣክ እያዘነ ገብቶ እያዘነ ይቀራል። ሮዛሊንድን ያባረረው ክፉው መስፍን ጫካው ዳር ከአንድ መናኝ ጋር ተነጋግሮ በቅጽበት መመለሱ ደግሞ፣ ለእኔ ተውኔቱን ለመቋጨት የተቻኮለ መላ ነው።

«ኦቴሎን ያሳበደው የቆጵሮስ ሙቀት ነው»

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን፣ በቅናት ሚስቱን የሚገድለውን የቬኒስ ጄኔራል ታሪክ «ኦቴሎ»ን እንኳ እንዲህ የሚያነቡት አሉ። ሚስቱ ዴስዴሞና ግን፣ አገልጋይዋ ኤሚሊያ «አይቀናም?» ስትላት፣ የተወለደበት አገር ፀሐይ ቅናቱን አድርቆለታል ብላ ነው የመለሰችው። ተሳስታለች፤ ቢሆንም ነገሩን በአየር ጠባይ የሚያስረዳ ሰው ወዴትም ሊወስደው እንደሚችል ታሳያለች።

ቆጵሮስ የጎደላት ሸንጎ ነው። ቬኒስ ላይ የዴስዴሞና አባት ብራባንሲዮ «ልጄን በአስማት ወሰዳት» ብሎ ሲከስ፣ ነገሩ በዚያው ሌሊት መስፍኑና ምክር ቤቱ ፊት ይቀርባል። ኦቴሎ «እሷ ተጠርታ ትናገር» ይላል፤ ዴስዴሞና መጥታ ቃሏን ስትሰጥ ክሱ ይወድቃል። ቆጵሮስ ሲደርሱ የኦቶማን መርከቦችን ማዕበል በትኗቸዋል፤ ሊዋጋ የመጣው ጦር ምሽግ ውስጥ ሥራ ፈቶ ይሰክራል፣ ይጣላል። አዛዡም ዳኛውም ኦቴሎ ነው፤ የቬኒስን ሴቶች አመል የሚነግረው ደግሞ ሊያጠፋው የሚሻው የበታች መኮንኑ ኢያጎ፤ ባዕዱ ጄኔራል ይህን የሚያመሳክርበት ሌላ ሰው የለውም።

በመጨረሻው ሌሊት ዴስዴሞና መኝታ ቤት ውስጥ ሆና፣ ባሏን ያዳነውን ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ ከእሱ ጋር ማግጠሻል የተባለችበት መኮንን ካሲዮ ተጠርቶ ይጠየቅ። ኦቴሎ «የካሲዮ አፍ ተዘግቷል» ብሎ ይመልስላታል። ካሲዮ በዚያ ሰዓት ቆስሎ ነበር እንጂ አልሞተም።