«ኪቦርድ እንደመጣ መልመድ ነው» የሚባለው ስህተት ነው

«ኪቦርድ እንደመጣ መልመድ ነው እንጂ ምን ይደረጋል!» ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ሥራዬ ላፕቶፕ መጠገን ነው። ሰው በገዛ ዕቃው ሲሰቃይ በየቀኑ አያለሁ። አንዱ ካፕስ ሎክ በስህተት እየነካ ጽሑፉ ይበላሽበታል፤ አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። ሌላው መዳፉ ታችፓዱን እየነካ ከርሰሩ ይዘልበታል፤ ችሎ ይኖራል። ሁለቱም በጥቂት ደቂቃ የሚስተካከሉ ናቸው።

የችግሩ ሥር፣ ቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል የቁልፉ ተፈጥሮ ይመስለናል። አይደለም። ቁልፍ ስትጫኑ ኪቦርዱ ፊደል አይልክም። የተጫነውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ዊንዶውስ ወይም ማክ ነው። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው፦ አንድም የአማርኛ ፊደል ባልታተመበት ኪቦርድ አማርኛ ትጽፋላችሁ። ቋንቋው በሙሉ ከተቀየረ አንድ ቁልፍ መቀየር ምን ይከብዳል?

አንዲት ተርጓሚ የ«ኤን» ቁልፏ ሞቶባት መጣች። ሌላ ቦታ «ኪቦርዱ በሙሉ ይቀየር» ብለዋታል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር አንድ ላይ የተያያዘ ስለሆነ መቀየር ቀላል ሥራ አይደለም። እሷ ደግሞ በማግስቱ የምታስረክበው ጽሑፍ አላት። ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ጫንኩላትና ካፕስ ሎክን «ኤን» አደረግሁት። ደስ ብሏት ሄደች።

ጠዋት ደወለች። መግባት አልቻለችም። ፓስወርዷ ውስጥ «ኤን» አለ፤ ፓወርቶይስ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ከገባችሁ በኋላ ነው። ይህን አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። መግቢያው ገጽ ላይ ታች በቀኝ በኩል ካለው የተደራሽነት ምልክት የስክሪን ኪቦርድ አስከፈትኳት፤ ፊደሉን በማውስ ነክታ ገባች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለው ጉዳይ ሻርፕኪስ የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም እመርጣለሁ። እሱ ለውጡን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ስለሚጽፈው፣ ኮምፒውተሩ አንዴ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ መግቢያው ገጽ ላይም ይሠራል።

ማክ ያላችሁ ካፕስ ሎክን ለመቀየር ምንም መጫን አያስፈልጋችሁም። ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያ የኪቦርድ ሾርትከት፣ ከዚያ ሞዲፋየር ኪስ የሚለውን ክፈቱ። ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ወይም ኤስኬፕ ማድረግ ትችላላችሁ። ማክ ለያንዳንዱ ኪቦርድ ለየብቻ ያስተካክላል። ፓወርቶይስና ሻርፕኪስ ግን የቀየሩትን ከውጭ በሰካችሁት ኪቦርድ ላይም ይቀይሩታል፤ ይህን አትርሱ።

አንድ ምክር ልጨምር። በአንድ ቀን አሥር ቁልፍ አትቀይሩ። በጣም የሚያስቸግራችሁን አንዱን ቀይሩ፣ ሳምንት ሥሩበት፣ ጣታችሁ ሲለምደው ወደ ቀጣዩ እለፉ። አብዝተው የቀየሩ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ተናደው ሁሉንም ሲመልሱት አይቻለሁ።

«ቁልፍ መቀየር ማሽኑን ይጎዳል» ለሚሉት፦ የሚቀየረው ሶፍትዌር ላይ ያለ ቅንብር ነው። ሲሰረዝ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል።

«እንግዲያው ሁሉም ቁልፍ ይቀየራል» የሚሉም አሉ። ኤፍኤን የሚለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ አይቀየርም። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች የሚሠራው ከዊንዶውስ በታች ስለሆነ ፕሮግራሞቹ አያዩትም። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ቅንብር ነው) ግን ፈልጉ። አንዳንድ ላፕቶፖች ኤፍኤንን ከኮንትሮል ጋር ማቀያየር ይፈቅዳሉ። ከላይ ያለው ረድፍ ኤፍኤን ሳይነካ ድምፅና ብርሃን ይሁን ወይስ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 የሚለውንም ብዙዎቹ እዚያው ያስመርጣሉ።

በጣም የሚያናድደኝ «ኪቦርዱ ሞቷል» የሚለው የችኮላ ፍርድ ነው። አንድ ተማሪ ቁልፉን ጫን አድርጎ ካልያዘው ፊደል አልመጣ አለው። አዲስ ኪቦርድ ሊገዛ ነበር። ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። ፊልተር ኪስ የሚባለው የዊንዶውስ አገልግሎት በርቶ ነው። የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስነሳዋል፤ ሰው እያሰበ እጁን እዚያ ላይ ሲያሳርፍ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ሺፍትን 5 ጊዜ ደጋግሞ መንካት ደግሞ ስቲኪ ኪስን ያመጣል፤ እሱ ሺፍትን ወይም ኮንትሮልን ተጭኖ ከመያዝ ይልቅ አንዴ ነክቶ መልቀቅ ያስችላል። ጣታቸው እንደልብ ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ሁለቱም ትልቅ እገዛ ናቸው። ለማያስፈልጋችሁ ግን ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ኪቦርድ ገብታችሁ ሾርትከታቸውን አጥፉ። ፊደል ስትነኩ ቁጥር የሚመጣ ከሆነም ከመደንገጥ በፊት ነም ሎክን እዩ። በአንዳንድ ላፕቶፖች እሱ ሲበራ «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» 1፣ 2 እና 3 ይሆናሉ።

«ድቮራክን ካልተማርክ በፍጥነት አትጽፍም» የሚለውም ይሰማል። ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓተንት ያገኘ ሌላ የፊደል አደራደር ነው። ዊንዶውስም ማክም ላይ አለ። መሞከር ጥሩ ነው፤ ግን ጣት እንደ አዲስ እስኪማር ሳምንታት ይወስዳል። ያስቸገራችሁ አንድ ቁልፍ ከሆነ እሱኑ ቀይሩ።

ወደ ታችፓዱ ልመለስ። «ያለ ማውስ ላፕቶፕ ላይ መሥራት አይቻልም» የሚሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የታችፓዱን ሴቲንግ አንዴም ከፍተው አያውቁም። ስትጽፉ ከርሰሩ የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ የታችፓዱን ስሜታዊነት ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። ካልበቃ በመንካት ብቻ ክሊክ ማድረጉን አጥፉና ታችፓዱን ወደታች ተጭናችሁ ክሊክ አድርጉ። በሁለት ጣት ስታንሸራትቱ ገጹ በተቃራኒ የሚሄድባችሁ ከሆነ አቅጣጫው እዚያው ይገለበጣል። በሦስት ጣት መንካትን የማውስ መሐለኛ ቁልፍ ብታደርጉት ደግሞ ብሮውዘር ላይ ሊንክ በአዲስ ታብ ይከፍትላችኋል፤ ታብም ይዘጋላችኋል። እኔ ብዙ ገጽ የማነበው በዚህ መንገድ ነው።