«ርካሽ ነው፣ ባዶ ነው፣ ነፃ ነው»፦ ስለ አውስትራሊያ የገጠር ከተሞች የሚወራው እና እውነታው

ሜልበርን ውስጥ ሐበሾች ቡና ላይ ከተሰበሰቡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። ኪራይ ጨመረ፣ ወለድ ጨመረ፣ እገሌ ገዛ። ይሄኔ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ገጠር ያለ ቤት ያሳያል። ሦስት መኝታ፣ ሺህ ካሬ ግቢ፣ ከኋላ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን። ዋጋው የሜልበርንን ግማሽ እንኳ አይሞላም። «ታዲያ እዚህ ምን እንሠራለን?» ይባላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። አብሮት የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ ይዘን እንሂድ። ኒል ትባላለች። ቪክቶሪያ ውስጥ፣ በሜልበርን እና በአደሌድ መሀል፣ አውራ ጎዳናው ላይ ያለች የስንዴ አገር ናት። ከሜልበርን በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ታስነዳለች። ሕዝቧ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። የምትገኝበት የሂንድማርሽ ወረዳ በሙሉ በ2021 ቆጠራ 5,700 ሰው ገደማ ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከዚህ የበለጠ ሰው ይይዛል።

«ዋጋው ርካሽ ከሆነ ቤት ሞልቷል ማለት ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ ብለን እንይ።

በእንዲህ ያለ ከተማ ለሽያጭ የቀረበው ቤት ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። የሚከራይ ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ተከራይ ሊወጣ ሲል ዜናው በጎረቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በእግር ኳስ ክለቡ ይዳረሳል። ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ሳይወጣ ሰው ይይዘዋል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይተወዋል።

ዋጋው ዝቅ ያለ ከሆነ ለምን አይሠራም? ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የማይሠራው ዋጋው ዝቅ ስላለ ነው። አዲስ ቤት ለመገንባት የሚወጣው ወጪ ከተማ ውስጥ ከሚወጣው አያንስም። እንዲያውም ይብሳል። እንጨቱ፣ ሲሚንቶው፣ መስኮቱ በጭነት መኪና ከሩቅ ይመጣል። ኤሌክትሪሻኑም ቧንቧ ሠራተኛውም ወረፋቸው ረጅም ነው። ቤቱ አልቆ ሲታይ ግን ገበያው የሚሰጠው ዋጋ ከወጣበት ያነሰ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ግንባታው 500 ሺህ ዶላር ፈጀ እንበል። የባንኩ ገማች መጥቶ በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች ያያል፣ ከዚያ «380 ሺህ» ብሎ ይጽፋል። ባንኩ የሚያበድረው የወጣውን ሳይሆን የተገመተውን ይዞ ነው። 80 በመቶ ቢሰጥ 304 ሺህ ይሆናል። ቀሪው 196 ሺህ ከራስ ኪስ ነው። ግምቱ ከወጪው ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ ከኪስ የሚወጣው 100 ሺህ ብቻ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ፣ ወይ እዚያው ተወልዶ እዚያው ሊሞት የወሰነ ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ ብር የተረፈው ነው። አትርፎ የሚሸጥ ኮንትራክተርማ ዞር ብሎም አያይም።

እና ርካሽነቱ እና የቤት እጥረቱ የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። አንዱ ሌላውን ይወልዳል። የአውስትራሊያ ፖለቲከኞች ስለ ቤት እጥረት ሲያወሩ ሲድኒንና ሜልበርንን ብቻ የሚጠሩት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ማደሪያ ስታጣ ሥራውን የምትመልስ ነርስ ያለችው እነዚህ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ነው።

«ሰው እየለቀቀ ስለሆነ ባዶ ቤት መዓት ነው»

በ2021ዱ ቆጠራ ምሽት በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ቤት ሰው አልተገኘበትም። ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ያኔ ብዙ ተወርቶለታል። ነገር ግን ሰው ያልተገኘበት ማለት የተተወ ማለት አይደለም። የበዓል ማሳለፊያ ቤት አለበት። ባለቤቱ ለሳምንት ልጁ ጋ የሄደበት አለ። ለሽያጭ የቀረበም፣ በእድሳት ላይ ያለም ይቆጠራል። በገጠር ከተሞች ደግሞ የወላጆች ቤት የሚባል ነገር አለ። እናት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ገብታለች፣ ወንድምና እህት አልተስማሙም፣ ቤቱ ዕቃው እንዳለ ተቆልፏል። ይሄ እንኳ ለሐበሻ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሰውና ቤት አብረው አለመቀነሳቸው ነው። አንድ ቤተሰብ አስቡ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች። ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ለዩኒቨርሲቲና ለሥራ ተራ በተራ ይወጣሉ። አባትየው ያርፋል። እናት ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች። የከተማው ሕዝብ በአራት ቀነሰ፣ የተለቀቀ ቤት ግን የለም። በአገር ደረጃ ብቻውን የሚኖር ሰው ያለበት ቤት ከአራቱ አንዱ ነው። እንደ ኒል ባሉ አካባቢዎች ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ሰው ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ ስለሚበዛ ነገሩ ይከብዳል።

እኚህ እናት ብትጠየቅ ምናልባት ትንሽ ቤት ትመርጥ ነበር። ሁለት መኝታ፣ ደረጃ የሌለው፣ ሆስፒታሉ አጠገብ። እሱ ግን የለም። ለምን እንደማይሠራ ከላይ አይተናል። እሷ ካልለቀቀች ደግሞ ሦስት ልጆች ያሉት አዲስ መጤ የሚገባበት አያገኝም።

«እዚያ ያለው ነጭ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ ነው»

መጀመሪያ ነገር፣ መሬቱ ከአገሪቱ ቀደምት ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዎትጆባሉክ ሕዝብ ነው። በ2005 ፍርድ ቤት የባለቤትነት መብታቸውን ሲያውቅላቸው በቪክቶሪያ ከእነሱ በፊት ይህን ያገኘ አልነበረም።

ገበሬውን በተመለከተ፣ እርሻው በትልልቅ ማሽን ስለሚሠራ ብዙ ሰው አይፈልግም። አንድ ቤተሰብ ብዙ ሺህ ሄክታር ያርሳል። ከተማ ውስጥ ደመወዝ የሚከፍለው ሆስፒታሉ፣ መጦሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ካውንስሉ (የወረዳው አስተዳደር) ነው። ኒል ላይ ደግሞ የዳክዬ ሥጋ ማምረቻ አለ። ሉቭ-ኤ-ዳክ ይባላል፣ በአገሪቱ ከታወቁት አንዱ ነው።

የኒል ታሪክ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ገደማ ፋብሪካው ሊያድግ ፈለገ፣ ሠራተኛ ግን አጣ። ከተማው ውስጥ ሥራ ፈት የሚባል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ጆን ሚሊንግተን ሜልበርን ዳር፣ ዌሪቢ የሚኖሩ የካረን ስደተኞችን አገኙ። ካረኖች ከበርማ ጦርነት ሸሽተው ታይላንድ ድንበር ላይ በመጠለያ ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ስለሆኑ የሜልበርን ግርግር አልተመቻቸውም። በ2010 የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች መጡ።

የመጡበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። ሚሊንግተንና ባለቤታቸው ማርጋሬት አስቀድመው የከተማውን ሰው አነጋገሩ። ቤተሰቦቹም ከመወሰናቸው በፊት ከተማውን መጥተው እንዲያዩ ተደረገ። ሥራው ብቻ ሳይሆን ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እንግሊዝኛ መማሪያውም ታሰበበት። በጥቂት ዓመታት ካረኖች ከ160 አለፉ፣ ከኒል ሕዝብ አሥር በመቶ ገደማ ሆኑ። በ2015 ዴሎይት የተባለው አማካሪ ድርጅት፣ ስደተኞችን ከሚያቋቁመው ኤምስ ጋር ያወጣው ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለአካባቢው 41.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደጨመሩና 70 ያህል የሙሉ ጊዜ ሥራ እንደተፈጠረ አሰላ።

መጀመሪያ ሲመጡ የሚከራይ ቤት ነበር። ቁጥራቸው ሲያድግ ግን ቤቱ አለቀ። ሥራ እያለ፣ የሚመጣ ሰው እያለ፣ ማደሪያ ጠፋ። «ስደተኛ ከተማ አጨናነቀ» የሚለውም አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ቤት መሥራት ያቃተው ገበያው ነው።

«መሬት በነፃ ይሰጣሉ፣ ቤት በአንድ ዶላር»

ይሄ በቴሌግራም ተዟዙሮ ተዟዙሮ ያረጀ ነው። ሥሩ ግን እውነት አለው።

በ2008 ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ካምኖክ የምትባል ትንሽ መንደር ባዶ የእርሻ ቤቶችን በሳምንት አንድ ዶላር አከራይታ ነበር። ዓላማው ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ስቦ ትምህርት ቤቱን ማዳን ነው። ቤቶቹ እድሳት ይፈልጉ ነበር። ማደሱ የተከራዩ ነው። አንድ ዶላር የተባለው በላብ ይሞላል ማለት ነው። ደግሞም ኪራይ እንጂ ሽያጭ አልነበረም።

በ2021 ደግሞ ኩዊንስላንድ ውስጥ የኩዊልፒ ካውንስል ነበር። ከብሪስቤን ወደ 950 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የበረሃ ዳር አገር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መሬት ትገዛለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ስድስት ወር ትኖርበታለህ፣ ከዚያ ካውንስሉ እስከ 12,500 ዶላር ይመልስልሃል። ያን ያህል ገንዘብ የመሬቱን ዋጋ ይሸፍን ስለነበር «ነፃ መሬት» ተባለ። ከአውሮፓም ከእስያም ጥያቄ ጎረፈ። ግን ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ያስፈልግ ነበር። የግንባታውን ገንዘብ ደግሞ ማንም አይሰጥም። ካውንስሉ ይህን ያደረገው ባዶ ከተማ ስለነበረው አይደለም። ሥራ ነበረው፣ የሚመጣ ሠራተኛ የሚያሳድርበት ቤት አልነበረውም።

«የሪጅናል ቪዛ የወሰደ እንዲህ ያለ ገጠር መግባት አለበት»

የለበትም። ሪጅናል በሚባሉ አካባቢዎች ለመኖርና ለመሥራት የሚሰጠው 491 የሚባለው ቪዛ በኖቬምበር 2019 ሲጀምር ሪጅናል ማለት ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪስቤን ውጭ ያለው ሁሉ ሆነ። ፐርዝና አደሌድ ሳይቀሩ ይገባሉ፣ ሁለቱም ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላቸው። ከሜልበርን አንድ ሰዓት የምትርቀው ጂሎንግም ትገባለች።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። 491 ጊዜያዊ ቪዛ ነው። መንግሥት ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 እስከ ማርች 31 ቀን 2027 የሚቆይ እገዳ አውጥቷል፤ ጊዜያዊ ነዋሪዎች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ቀድሞ የተሠራ ቤት መግዛት አይችሉም። ስለዚህ «ገጠር ልግባና ያንን አሮጌ ቤት በርካሽ ልያዝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ቪዛውን ይመልከት። ቋሚ ነዋሪን ይሄ አይነካውም።

«ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ባንክ በቀላሉ ያበድራል»

ተቃራኒው ይበዛል። ባንክ የሚፈራው ዋጋውን ሳይሆን ቢከፋ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለማውጣት የሚወስድበትን ጊዜ ነው። በዓመት ጥቂት ቤት ብቻ በሚሸጥበት ከተማ ገዢ እስኪመጣ ብዙ ወር ይፈጃል። ስለዚህ አንዳንድ አበዳሪዎች የፖስታ ኮዱን አይተው ከወትሮው ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ጨርሰው እምቢ የሚሉም አሉ። ዲፖዚት ከመክፈል በፊት ብሮከሩን (የብድር ደላላውን) «ይሄን ፖስታ ኮድ የሚቀበለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ከዚያ በኋላማ ወጪ የለም»

ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር አለ። እነዚህ የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በአጫጭር የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። ምሰሶው ሲበሰብስ ወለሉ ያዘማል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ይሰነጠቃል። ቤቱን በጃክ አንስቶ ምሰሶውን መቀየር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ከ1990 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አገሪቱ ይህን ዕቃ ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ2003 መጨረሻ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በመዶሻ ማፍረስ ከመጀመር በፊት ማስመርመር ግድ ነው።

መኪና ሌላ ወጪ ነው። ኒል ላይ ባቡር አለ፣ ሜልበርንን ከአደሌድ የሚያገናኘው፣ ግን በሳምንት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው የሚያልፈው። ስፔሻሊስት ሐኪም ሲታዘዝ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ሆርሻም፣ አንዳንዴም ራሷ ሜልበርን ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሠሩ ሁለት መኪና ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከልቡ የሆነ ሰው ቤቱን ከማየቱ በፊት ሥራውን ይያዝ። ከቻለ መጀመሪያ ተከራይቶ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይይ፤ በጋው ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኪራይ ኢንተርኔት ላይ ካጣ፣ የሚቀጥረውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ማን ሊለቅ እንደሆነ ቀድሞ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ አሠሪው ነው።