የሊፍት መቆለፊያ ምንድን ነው? ያገለገለ የመኪና ሊፍት ለቤቱ ጋራዥ ለሚገዛ ሰው

የመኪና ሊፍት መቆለፊያ ማለት መኪናው ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ክብደቱን ከዘይቱ ተረክቦ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶውም ወደ ወለሉ የሚያስተላልፍ የብረት ክፍል ነው። በቤት ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተከለውን ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ብንወስድ፣ በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ሁለት ክንዶችን የያዘ ተንሸራታች አለ፤ ተንሸራታቹን ሽቅብ የሚያወጣው በፖምፓ ተገፍቶ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ዘይት ነው። እንደ አምራቹ አሠራር፣ በምሰሶውና በተንሸራታቹ መካከል በአንዱ በኩል እንደ መሰላል የተደረደሩ ጥርሶች፣ በሌላው በኩል ደግሞ ሞላ የሚገፋው ወፍራም የብረት ምላስ ይገኛል። ሊፍቱ ሲወጣ ምላሱ እያንዳንዱን ጥርስ እያለፈ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ወደ ታች ሊመለስ ሲል ግን ጥርሱ ላይ አርፎ ይቆማል። ሊፍቱን ለማውረድ መጀመሪያ ጥቂት ከፍ አድርጎ ምላሶቹን ከጥርሳቸው ማላቀቅ፣ ከዚያም በመልቀቂያው ወደ ኋላ ስቦ መያዝ ያስፈልጋል።

አገር ቤት በጉድጓድና በክሪክ የሠራ መካኒክ ነገሩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ክሪክ መኪና ያነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ከጎኑ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ወይም ወፍራም ግንድ ሳይገባ ልባም መካኒክ ከሥሩ አይተኛም። የሊፍት መቆለፊያም ያ ድጋፍ ነው። ልዩነቱ ከሊፍቱ ጋር አብሮ የተሠራና በምሰሶው ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ፣ መበላሸቱ ከሩቅ አለመታየቱ ነው። ያገለገለ ሊፍት ሊያይ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ስለ ሞተሩና ስለ ዘይቱ ይጠይቃል፤ ሻጩም ሊፍቱን ባዶውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከኋላ መምጣት ያለበት ነው፤ የደከመ ፖምፓ፣ ያረጀ ቱቦና የሚያፈስ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ ማሸጊያ) በመጠነኛ ገንዘብ የሚተኩ ሲሆኑ፣ መቆለፊያው የማይሠራ ሊፍት ግን መኪና ማንሳቱን ሳያቋርጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

የሃይድሮሊክ የመኪና ሊፍት ታሪክ ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ ይኖር የነበረው ፒተር ሉናቲ ይጠቀሳል፤ ሐሳቡ የመጣለት ከፀጉር አስተካካይ ቤት ወንበር እንደሆነ ይነገራል። ወንበሩ ሰውን በዘይት ግፊት ወደ ላይ ያወጣል፤ ከወንበሩ ሥር ግን ማንም ገብቶ አይሠራም። መኪና በዚያው ዘዴ ሲነሳ ከሥሩ የሚቆም ሰው ይኖራልና ዘይቱን ብቻ ማመን አይበቃም። ጓርኒሲዮን ቀስ በቀስ ዘይት ሲያሳልፍ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲሰጥም ሊያድር ይችላል፤ ቱቦ በድንገት ሲፈነዳ ደግሞ ለመሸሽ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ምላሱ በቦታው ካለ ውድቀቱ ከአንድ ጥርስ ርቀት አያልፍም።

ስለዚህ ትክክለኛው አጠቃቀም መኪናውን ከሚፈለገው ከፍታ ጥቂት አሳልፎ ማንሳት፣ የሁለቱንም ምሰሶዎች ድምፅ መስማት፣ ከዚያም የማውረጃውን እጀታ ተጭኖ ሁለቱም ምላሶች ጥርሳቸው ላይ በደንብ እንዲያርፉ ማድረግ ነው። ማንም ከመኪናው ሥር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የማንሻውን ቁልፍ ለቅቆ፣ መኪናው በዘይቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሥራ የጀመረ ሰው፣ ሊፍቱ አዲስ ቢሆንም እንኳ መቆለፊያውን አልተጠቀመበትም።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወዳጄ ሥራውን ከሚያቆም ጋራዥ ሊፍት ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ሊፍቱ 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም 4,500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲያነሳ የተሠራ ነበር፤ ቀለሙ ያምራል፣ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ አልነበረም። ክንዶቹን ባዶ እንዲያነሱልን ጠየቅንና እኔ በቀኙ ምሰሶ፣ ወዳጄ በግራው ምሰሶ አጠገብ ቆመን አዳመጥን። ቀኙ በየጥርሱ ይጮኻል፤ ግራው ዝም ብሎ ይወጣል። የመቆለፊያውን ሽፋን ፈትተን በባትሪ ስናይ ምላሱ በቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ተጠልፎ ታስሯል። ሊፍቱን ለማውረድ ሁለቱንም መልቀቂያዎች መሳብ አሰልቺ የሆነበት ሰው አንዱን ለዘለቄታው ከፍቶት ነበር ማለት ነው። ሽቦውን ቆርጠን ምላሱን በጣት ስንገፋው፣ የደረቀ ግሪስና ዝገት ስለያዘው በሞላው ኃይል አልተመለሰም፤ የቀኙም ጫፍ ቢሆን ቀጥ ያለ ማዕዘኑን አጥቶ ክብ ሆኗል። ያ ጋራዥ በዚህ ሁኔታ ስንት ዓመት እንደሠራ ሳስብ፣ ከሥሩ ይቆሙ የነበሩት ሠራተኞች ይታዩኛል። ወዳጄ ሊፍቱን አልገዛውም።

ሽቦው ባይኖርና ምላሶቹ ጤነኞች ቢሆኑም እንኳ ሁለቱ ወገኖች እኩል መቆለፋቸው መረጋገጥ አለበት። በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍቶች ሁለቱን ተንሸራታቾች እኩል እንዲሄዱ የሚያደርጋቸው ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በፑሌጃዎች (ገመድ በሚያዞሩ ጎማዎች) ላይ የሚያልፍ የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ሲረዝም አንዱ ወገን ቀድሞ ይወጣል፤ የአንዱ ምላስ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ ሌላው ገና ሳይደርስ ይቀርና ግማሹ ክብደት በዘይትና በገመድ ላይ ይቀራል። የሁለቱ ድምፅ ጥቂት መቀዳደሙ ገመዱን በማስተካከያው ዳዶ በማጥበቅ ይስተካከላል። ገመዱን ለመፈተሽ በባዶ እጅ መዳሰስ አይገባም፤ ጨርቅ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጥረግ ይበቃል፤ ከገመዱ ክሮች አንዷ እንኳ ከተበጠሰች ጨርቁን ትይዘዋለች። እንዲህ ያለ ገመድ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

በዘይት ፈንታ እንደ ብሎን ዙሪያውን ጥርስ ባለው ረጅም ዘንግ የሚሠሩ ሊፍቶችም አሉ። በእነዚህ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው በዘንጉ ላይ የሚዞር ትልቅ ዳዶ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ሁለተኛ የመጠባበቂያ ዳዶ አለ። የሚሸከመው ዳዶ ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ብረት ስለሚሠራ ቀድሞ ያልቃል፤ በሁለቱ ዳዶዎች መካከል ያለው ክፍተት ሲለወጥም የማለቁን መጠን ያሳያል። የተፈቀደው ልክ በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፏልና መመሪያው የሌለውን እንዲህ ዓይነት ሊፍት መግዛት አልመክርም።

ክንዶቹም የየራሳቸው ትንሽ መቆለፊያ አላቸው። ሊፍቱ ከወለሉ ጥቂት ሲነሳ በክንዱ መዞሪያ ላይ ያሉ ጥርሶች ተገናኝተው ክንዱ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዙታል። ባዶ ክንዶችን እስከ ጉልበት ከፍታ አንስቶ እያንዳንዱን በእጅ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ የሚዞር ካለ ጥርሱ አልቋል ወይም ሞላው ደክሟል። በዚያው አጋጣሚ የክንዱን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ማነቃነቅ የፒኑ ቀዳዳ መስፋቱን ያሳያል። ክንዱ ከተንሸራታቹ ጋር የሚገናኝበትን ብየዳ ደግሞ ቀለሙ ተሰንጥቆ ከሥሩ ዝገት የወጣበት መስመር እንዳለ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ የብረቱ ስንጥቅ ምልክት ነው። አዲስ ቀለም በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ተቀብቶ ከተገኘ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። የማንሳት አቅሙም ለአራቱ ክንዶች እንደሚከፈል መዘንጋት የለበትም፤ 10,000 ፓውንድ የሚያነሳ ሊፍት እያንዳንዱ ክንዱ የሚችለው 2,500 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከፊት የከበደ ፒካፕ ጠቅላላ ክብደቱ ከልኩ በታች ሆኖ ሳለ የፊት ክንዶችን ከልክ በላይ ሊጭን ይችላል።

በአሜሪካ የሊፍቶችን ደረጃ የሚያረጋግጠው እ.ኤ.አ. በ1945 የተቋቋመው አውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት ነው። በእርሱ መስፈርት የተፈተነ ሊፍት ወርቃማ መለያ ይለጠፍበታል፤ በአውሮፓ ደግሞ ኢኤን 1493 የተባለው መስፈርት ይሠራበታል። መለያውና የአምራቹ ሰሌዳ፣ በተለይም የሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ፣ ለገዢው ከወረቀትነት በላይ ጥቅም አላቸው፤ ምላሱንና ሞላውን አዲስ ለማዘዝ የሚቻለው በእነርሱ ነው። ሰሌዳው የተነቀለበትና አምራቹ የማይታወቅ ሊፍት ዛሬ ቢሠራም ነገ መለዋወጫ የለውም። የአሜሪካው የአገልግሎትና የምርመራ መስፈርት ሊፍት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በሙያተኛ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ ሻጩ ጋራዥ ከሆነ የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ነውር የለውም።

መቆለፊያው የተረከበው ክብደት መጨረሻው ወለሉ ነው። ክንዶቹ ወደ ውስጥ ስለሚዘረጉ ምሰሶዎቹ ወደ መኪናው ማዘንበል ይፈልጋሉ፤ በውጭ በኩል ያሉት የወለል ብሎኖች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሳባሉ። የብዙ አምራቾች መመሪያ ለ10,000 ፓውንድ ሊፍት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ 3,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ጥንካሬ ያለውና ከፈሰሰ 28 ቀን የሞላው ኮንክሪት ይጠይቃል። የቤት ጋራዥ ወለል ከዚህ ሊቀጥን ስለሚችል፣ ሊፍቱ ከመገዛቱ በፊት በቀጭን ድሪል በስቶ ውፍረቱን በሽቦ መለካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሆኖም በውስጡ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት ወለል አለና ይህ ሳይጣራ ምንም ዓይነት ቀዳዳ መብሳት አደገኛ ነው። በአስፋልት ላይ ሊፍት አይተከልም፤ ከስንጥቅ ወይም ከወለሉ መጋጠሚያ አጠገብም እንዲሁ። ሻጩ ከሊፍቱ ጋር የሚሰጣቸውን አሮጌ የወለል ብሎኖች መጣል ይሻላል፤ እነዚህ ብሎኖች ሲጠብቁ ተከፍተው ኮንክሪቱን የሚነክሱ ናቸው፤ አንዴ የነከሰ ብሎን ዳግም እንደ ቀድሞው አይዝም።

ጣሪያውም ከግዢው በፊት ይለካ፤ ከላይ ተሻጋሪ ብረት ያለው ሊፍት 3.6 ሜትር አካባቢ ከፍታ ሲፈልግ፣ የብዙ ቤቶች ጋራዥ ግን ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር ነው። ከትልልቅ ጋራዦች የሚወጡ ሊፍቶች ሞተራቸው ባለ ሦስት ፌዝ ሊሆን ስለሚችል የሞተሩን ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል፤ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ ነው። ሊፍቱን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብም ይህንኑ ሰሌዳ ይይ፤ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር እዚያ በዝግታ ይዞራል፣ ከልክ በላይም ይሞቃል።

ወዳጄ ከወራት በኋላ ሌላ ሊፍት አግኝቶ በጋራዡ ተከለው። መጀመሪያ ያደረገው ክንዶቹን ባዶ አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ከዚያ አነስተኛ መኪናውን ከወለሉ አንድ ስንዝር አንስቶ ከኋላና ከፊት ነቀነቀው፣ ቀጥሎም እስከ ደረቱ አውጥቶ በሁለቱም መቆለፊያዎች ላይ አሳረፈው። የአራቱን ክንዶች ከፍታ ከወለሉ ለክቶ ቁጥሮቹን በምሰሶው ላይ በጠመኔ ጻፈና የጋራዡን በር ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሜትሩን ይዞ ሲመለስ አራቱም ቁጥሮች እንደነበሩ ነበሩ፤ የወለሉን ብሎኖችም በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) እንደገና ፈተሻቸው። ከመኪናው ሥር የገባው ይህን ከጨረሰ በኋላ ነው።