«ባለበት ሁኔታ» የተሸጠ ቤትና የሻጭ የማሳወቅ ግዴታ በወሎ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቤት ሽያጭ ውል ሲጻፍ «ገዥም ቤቱን አይቼና ወድጄ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ይገባል። ሻጭና ደላላ ይህቺን ሐረግ ኋላ ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መዝጊያ አድርገው ያይዋታል። ሕጉ ግን እስከዚያ ድረስ አብሯቸው አይሄድም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ለገዥ ዋስ ያደርገዋል። ተዋዋዮች ዋስትናውን በውል ማጥበብ ወይም ማስቀረት ይችላሉ፤ የሐረጓ ሥራም ይኸው ነው። ገዥ እያወቀ የገዛው ወይም ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ጉድለት፣ ለምሳሌ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ ቀድሞውንም ሻጭን አያስጠይቅም። ሻጭ እያወቀ በተንኮል የሸሸገው ጉድለት ሲኖር ግን ነፃ የሚያወጣው የውል ቃል ዋጋ ያጣል። ገዥ ተታሎ ባይሆን ኖሮ የማይዋዋል ከነበረም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜው 2 ዓመት ነው።

በወሎ ነገሩን የሚያከብደው መሬቱ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የሰፈረች፣ የመሬት መንሸራተት የሚፈትናት ከተማ ናት። መረሬ አፈር ባለበት ደግሞ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀ ቤት ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩን ከልስኑ ጀርባ ምስጥ በልቶት ይሆናል። ከሽያጭ በፊት ቀለም የቀባ ሁሉ አታላይ አይባልም፤ ለገበያ የሚቀርብ ቤት መሰናዳቱ ያለ ነው። በየክረምቱ የሚከፈት ስንጥቅ ደፍኖ፣ ሲጠየቅ «ምንም የለበትም» ያለ ሻጭ ግን ሐረጓ አትከልለውም።

በካሊፎርኒያ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በቅጽ ሞልቶ ይሰጣል። እዚህ እንዲህ ያለ ቅጽ ስለሌለ የሻጭን ማወቅ ማስረዳት ገዥ ላይ ይወድቃል፤ ልስኑን የሠራው ግንበኛና የግቢው ጎረቤት ዋና ምስክሮች የሚሆኑት ለዚህ ነው።

የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፋፈለ ውርስ፣ ያልፈረመ የትዳር ጓደኛ ሌላ ጉዳይ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የይዞታ ካርታና የሊዝ ዕዳም ሊታይ ይገባል። «ባለበት ሁኔታ» የምትናገረው ስለ ግድግዳና ጣሪያ ነው። ለባለቤትነቱ በውሉ ላይ የተለመደው ቃል ሌላ ነው፦ «ተቃዋሚ ቢመጣ ተከራክሬ እመልሳለሁ»።