«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል የትኛው ልጅ ነው?

ባለፈው እሁድ እዚሁ ጅማ የእድራችን ስብሰባ ነበር። አንድ ልጅ እግር ወጣት ተነሣ። 24 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። የወር መዋጮው በስልክ ቢከፈል ይሻላል ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ሳይጨርስ አንድ አባት ከኋላ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አሉ። ሰው ሳቀ። ወጣቱ ደብተሩን አጥፎ ተቀመጠ።

እኔ አልሳቅሁም። ይህን አባባል የማውቀው እጄ ሊጥ ውስጥ እያለ ነው።

አያቴ የምትኖረው ከጅማ ወጣ ብሎ፣ በሰቃ መንገድ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። ክረምት ነው፤ ዝናቡ አያባራም። «ዛሬ እኔ ነኝ የማቦካው» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ቡሃቃውን መሬት አስቀመጠችልኝ። በርጩማዋንም ሰጠችኝ፤ ያቺ ከአንድ ወጥ እንጨት የምትፈለፈል የጅማ በርጩማ። የጤፉን ዱቄት ገለበጥኩት። ውሃውንም እንዲሁ። እጄ ታች አይደርስም። ላዩ ቀጠነ፣ ሥሩ ጓጎለ። ዱቄት ጨመርኩ፤ ባሰበት። እስከ ክርኔ ሊጥ በሊጥ ሆንኩ። እርሾውን ደግሞ ጭራሽ ረሳሁት።

አያቴ አልተቆጣችኝም። እጇን እስከ ሥሩ ሰድዳ የጓጎለውን በመዳፏ እያሸች አፈረሰችው። እርሾ ጨመረችበት። ከደነችው። ከዚያ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ተይው ይደር» አለችኝ። ያን ማታ የበቆሎ ቂጣ በላን። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ቀዳች፤ አብሲት ጣለች። ሊጡ ኩፍ አለ። የእኔ ሊጥ! እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ወጣ፤ ለጎረቤትም ተረፈ።

ብዙ ሰው «አይበቃም» የሚለውን በመጠን ይረዳዋል። ልጅ የሚያቦካው ጥቂት ስለሆነ ቤተሰብ አያጠግብም ይላል። እኔ አልስማማም። መብቃት በአማርኛ መድረስም ነው። ዛፍ ለፍሬ ይበቃል። ሰው ለወግ ለማዕረግ ይበቃል። ሊጡ ለዛሬ ማታ አይደርስም፣ ጊዜ ስጡት ነው ነገሩ። መጀመሪያ ያለችውም እናት ናት፣ ያለችውም ቡሃቃ አጠገብ ነው ብዬ ብምል ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ያመጣው ተረት ቢሆንማ ስለ በሬ ወይም ስለ እርሻ ያወራ ነበር።

የእድሩ ስብሰባ ዕለት ማታ የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ልጅን በየዕድሜው የሚጠሩ ቃላት ናቸው። «ኢንፋንት» ከላቲን የመጣ ነው፤ ገና የማይናገር ማለት ነው። «ቶድለር» ወደቅሁ ተነሣሁ እያለ የሚሄደው ነው። «ኪድ» መነሻው የፍየል ግልገል ነው። «ቲንኤጀር» ከቁጥር የተሠራ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ከ13 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ መጨረሻቸው «ቲን» ነው። እኔ የወደድኩት ግን «አዶለሰንት»ን ነው። እሱና «አዳልት» ከአንድ የላቲን ግስ ነው የወጡት። አንዱ እያደገ ያለ ነው፣ ሌላው ያደገ። እየቦካ ያለ ሊጥና የቦካ ሊጥ በሉት።

እኛስ ቃል አጥተን ነው? ጨቅላ፣ እምቦቃቅላ፣ ማቲ፣ ጮርቃ፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ፣ ጉብል አለን። ጮርቃ እኮ ገና ያልበሰለ ፍሬ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ በኦሮምኛ «ኢጆሌ!» (ልጆች!) ብላችሁ ብትጣሩ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዞር ይላል። «ልጅ» ራሱ የመኳንንት ልጆች የማዕረግ ስም ነበር፤ ልጅ ኢያሱን አስታውሱ።

የተረቱ ልጅ እጁ ቡሃቃው ሥር የማይደርሰው ነው። የ24 ዓመት ሰው አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ እንኳ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ነው የሚለው። ደግሞስ ይሄ ጅማ አይደለም እንዴ? ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ ቆሞ የምናየው ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ ገና 17 ዓመት ቢሆናቸው ነው። በእንግሊዝኛው ቲንኤጀር ነበሩ። ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ተረት የአፍ መዝጊያ አታድርጉት። አያቴ ይህን ያለችው እርሾ ጨምራ፣ ከድና ነው። እሁድ ዕለት የተደረገው ግን ሊጡን ውጭ መድፋት ነው።

በነጋታው ወጣቱን ሂርማታ ገበያ አገኘሁት። ደብተሩን ይዟል። ሐሳቡን በሚቀጥለው ወር እንደገና እንዲያነሣው ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። አጠገቡ እቀመጣለሁ።